የቤተሰባችሁ ፈጪ ማን ነበረች? ዱካዋን በሰሜን ሸዋ የምትፈልጉበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ጎህ ሳይቀድ የጆንያ ወረፋ ይያዛል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ጆንያውን ተሸክሞ የሚገለብጠው፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰው ጎረምሳ "ፈጪ" ይባላል። ፈጪ ሲባል ዛሬ ሁላችንም የምናስበው እሱን ነው።

እኔም የአያቴን አያት ፍለጋ ስጀምር ያሳተኝ ይኸው ቃል ነው። ቤታችን ውስጥ "እኛ የአንኮበር ወፍጮ ቤት ዘር ነን" ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ወንድ ፈለግሁ። ወንዝ ዳር ወፍጮ የተከለ፣ ከመኳንንት ጋር የተዋዋለ፣ ስሙ በሆነ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው መሰለኝ። አንድ ቀን ከአልዩ አምባ በላይ ባለ መንደር ላገኘኋቸው አዛውንት ነገሩን ሳጫውታቸው "ልጄ፣ የማን ማጀት ነበረች?" አሉኝ። "ነበረች" ሲሉ ሰውነቴን ወረረኝ። ያን ጊዜ እህል የሚፈጨው በሴት ጉልበት፣ በማጀት ውስጥ፣ በድንጋይ ላይ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለሙያ ሴት ነበረች፤ እኔ ደግሞ ወንድ ስፈልግ የእሷን ዱካ ስረግጠው ከርሜያለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ቤተሰባችሁ "ከወፍጮ ቤት" ወይም "ከፈጪ ዘር" ነው ከተባለ፣ ዘመኑም ከዳግማዊ ምኒልክ መጨረሻ በፊት ከሆነ፣ ከሴት ጀምሩ። ስለ ውሃ ወፍጮ የሚነገር ካለም ዘመኑን ደህና አድርጋችሁ አጣሩ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) አንድ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለእጅ በአንኮበር አካባቢ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ሥራው ቀርቷል። ንጉሡ በር የከፈቱለት ወፍጮ እንኳ ያልዘለቀበት አገር ነው እንግዲህ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ለንጉሡ ግቢ ግብር (ግብዣ) የሚቀርበው እንጀራ የሚጋገረው ሴቶች በእጃቸው ከፈጩት ዱቄት ነበር።

ድንጋዩን አስቀድሙ

ከወረቀት በፊት ድንጋዩን እዩ። በእናቴ ደጃፍ የተቀመጠ አሮጌ ወፍጮ አለ፤ ዶሮ ውሃ ይጠጣበታል። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ዶሮዎቹን ከልክዬ በሳሙናና በብሩሽ አጠብኩት። ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የደጋው ድንጋይ ነው። ፊቱ እንደ ኮርቻ ጎድጉዷል፤ ጉድጓዱ ግን መሀል ላይ አይደለም፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው። ጣቴን ሳሳልፍበት ከላይ በኩል ሻካራ ነው፤ የመውቀሪያው ንቁር ንቁር ገና አልጠፋም። ከታች ዱቄቱ ወደ ቋቱ (ወደሚጠራቀምበት ዕቃ) በሚወርድበት በኩል ግን እንደ መስታወት ልሷል። ወፍጮ ሲልስ እህሉ ስለሚንሸራተት አይደቅም፤ ስለዚህ በየጊዜው ይወቀራል፣ ማለትም ፊቱ እየተነቆረ ይሻክራል። የላሰና ያልተወቀረ ወፍጮ ካገኛችሁ ሥራ ያቆመው በድንገት ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይ ባለቤቷ ሞታለች፣ ወይ ቤቱ ተፈቷል። ይህ ግምት ነው፤ ግን ሽማግሌ የሚጠየቅበት ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

መጁንም ፈልጉ። መጅ በሁለት እጅ የሚያዘው የላይኛው ድንጋይ ነው፤ ከወፍጮው ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው፤ ወይ ለአጥር ግንብ ይገባል፣ ወይ የበር መደገፊያ ይሆናል። በአንድ ቤት ሁለት ወፍጮ ጎን ለጎን በመደብ ላይ ተተክሎ ካያችሁ አንዱ ለሸርክት ሌላው ለልም ዱቄት ሊሆን ይችላል። በአንድ የቀድሞ ባላባት ግቢ ፍርስራሽ ውስጥ ብዙ ወፍጮ በረድፍ ከታየ ግን የአንድ ቤተሰብ ማጀት አይደለም፤ የጌታ ወፍጮ ቤት ነበረ ማለት ነው። ቁጠሩት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የትኛው ቤት ሥር እንደነበረ ጻፉ። ከቦታው ግን አታንሱት፤ ድንጋዩ ከወጣበት ግቢ ከተለየ መናገሩን ያቆማል።

አንድ ቀን ያንን ወፍጮ አስወቅሬ አንድ ጣሳ ገብስ ፈጨሁበት። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ፤ በማግስቱ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ መነቃነቅ አቃተኝ። ሞተሬ ያንኑ ጣሳ ቡና አፍልቼ ሳልጨርስ ይውጠዋል። የግቢውን ግብር፣ የሠራዊቱን ስንቅ በዚያ ልክ አስቡት። ይህን በገዛ ጉልበቴ ካየሁ በኋላ ነው መዝገቡ "ይህን ያህል ዳውላ ስንዴ" ሲል (ዳውላ የእህል መስፈሪያ ነው) ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ።

ሽማግሌ ስትጠይቁ

"የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጪ ያውቃሉ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ማንም አያውቅም። ወፍጮው የት እንደነበረ ጠይቁ። ማን ይወቅረው እንደነበረ ጠይቁ። ሌሊት ስንት ሰዓት ይነሱ እንደነበር፣ ስንቅ ሲዘጋጅ ጎረቤት ይጠራ እንደሆነ፣ ለመልከኛው (ገባሮች ለሚያገለግሉት የአካባቢው ጌታ) ማን ይፈጭ እንደነበር ጠይቁ። የገባር ሚስት ለመልከኛው ቤት እህል መፍጨት ከግዴታዎቿ አንዱ ስለነበር፣ "እናታችን ለእገሌ ቤት ስትፈጭ" የምትል ሐረግ አንዲት ሴት በየትኛው ጌታ ሥር እንደነበረች ትነግራችኋለች። የጌታው ስም ከተገኘ የዘመኑ ግማሽ መንገድ ተገኘ።

የወፍጮ እንጉርጉሮም ጠይቁ። እማማ ካልናቸው ሴቶች ብዙዎቹ ዝም ብለው "ረስቼዋለሁ" ይላሉ፤ መጅ በእጃቸው ስታስይዟቸው ግን ድምፁ ከክንዳቸው ጋር ይመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከተማ የማያውቁ አንዲት እናት መጁን ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑና ስለ አንድ ክፉ አዛዥ የተገጠመ ግጥም አወረዱልኝ። በድምፅ ቅረጹ፤ መቅረጻችሁን ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ቤተሰባቸውንም አስፈቅዱ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት እህል ይፈጩ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ሩቅ አይደለም፣ የዛሬ ሽማግሌዎች ወላጆች ያዩት ነው። ቤተሰብ ይህን ሲደብቅ "ከግቢ ሰዎች ነን" ወይም "ቤተኛ ነበርን" ይላል። የትውልድ ቆጠራው አንዲት ሴት ጋ ደርሶ ድንገት ቢቆም፣ አባቷ ሳይጠራ "ከግቢ የመጣች" ቢባል፣ ቀስ ብላችሁ አስቡበት። እኔ ይህን ያወቅሁት አጎቴ ለብቻዬ ጠርተው ነው። ሦስት ቀን አለቀስኩ፤ ከዚያም መፈለጌን ቀጠልኩ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለችን ሴት ስሟን ፈልጎ የሚጠራት ሰው የሚያስፈልጋት ከማንም በላይ ነው። ነገሩ ለዘመድ ሁሉ መነገር እንዳለበት ግን አይምሰላችሁ። ማን ይስማው የሚለውን ከትልልቆቹ ጋር ተማከሩ።

በርስት ሙግት ወረቀት ውስጥ

መንዝና ተጉለት ርስት ይቆጠር የነበረው በአባትም በእናትም ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ጸጋ ነው። ርስት የሚሟገት ሰው አቅኚው አባት (መሬቱን መጀመሪያ የያዘው) ዘንድ እስኪደርስ ትውልዱን ሲቆጥር ሴቶቹን መዝለል አይችልም ነበር፤ በሴት በኩል የገባበት ከሆነ ሴቲቱን ስሟን ጠርቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ተናግሮ፣ ምስክር አቁሞ ነበር የሚረታው። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ እንዲህ ያለ ሙግት ሲካሄድ ኖሯል።

ስለዚህ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የዘመዶቻችሁን ሳጥን አስከፍቱ። የፍርድ ግልባጭ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ስምምነት በአሮጌ ሳጥን ሥር ከጋቢና ከዳዊት ጋር ተጠቅልሎ ይገኛል። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ "ፋይሉ የለም" የተባልኩትን ውሳኔ ግልባጩን ያገኘሁት ከአክስቴ የእህል ጎተራ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ሙግቱ የ1940ዎቹ ነው፤ ትውልድ ቆጠራው ግን አምስት ቤት ወደ ኋላ ይሄዳል። አራተኛው ላይ የእኛ ፈጪ ተቀምጣለች፤ በቤት ስሟ ብቻ።

ስም ሦስት መሆኑን አትርሱ። የቤት ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ፣ የመነኮሰች ከሆነ የምንኩስና ስም አለ። የርስት ወረቀት የቤቱን ይጽፋል፣ ቤተ ክርስቲያን የክርስትናውን። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ካላገኛችሁ ወረቀቶቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ሽማግሌዎችን ገና በሕይወት እያሉ "የክርስትና ስሟ ማን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ዝክር ወይም ተዝካር ሲወጣላት ማን ተብላ እንደምትጠራ የሚያስታውስ አንድ ሰው አይጠፋም።

በቤተ ክርስቲያን

የገጠር ቤተ ክርስቲያኖቻችን በዚያ ዘመን የልደትና የጥምቀት መዝገብ በተርታ አይይዙም ነበር። ያላቸው ብራና ነው፤ ሰው የሚገኘውም በብራናው ጠርዝ ላይ ነው። የወንጌል፣ የተአምረ ማርያም፣ የዳዊት ባዶ ገጾችና ጠርዞች የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስ፣ የስለት ዕቃ ይመዘገብባቸው ነበር።

ሄዳችሁ ወዲያው "መጽሐፉን አሳዩኝ" አትበሉ። ቅዳሴ አስቀድሱ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ ቄሰ ገበዙን ወይም አለቃውን "አባቴ፣ የአያቴን አያት ስም ፍለጋ ነው የመጣሁት" ብላችሁ ንገሯቸው። ብዙ ብራና ስለተሰረቀብን ካህናቱ ቢጠራጠሩ ልክ ናቸው። እኔ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አራት ጊዜ ሄጄ ነው መጽሐፉ የወጣልኝ። በሦስተኛው ያለ ምንም ጥያቄ አንድ ኩንታል የተፈጨ ስንዴ ለመገበሪያ አደረስኩ። መጽሐፉ እንዲወጣልኝ ብዬ አልነበረም፤ የመገበሪያ መፍጨቱን ሥራ የአያቴ አያትም ትሠራው እንደነበር ስለሰማሁ ነው።

መገበሪያ ለእኛ ፍለጋ ዋና ቁልፍ ነው። የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበትን ስንዴ ምእመናን ይሰጣሉ፣ በብዙ ቦታ የሚፈጩትም አረጋውያን መነኮሳይት ናቸው። ከጌታ ቤት ወፍጮ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት መንኩሳ በደጀ ሰላም ተጠግታ መገበሪያ እየፈጨች ዕድሜዋን ብትጨርስ አይደንቅም። የአያቴ አያት ያደረገችው ይህንኑ ነው ተብሏል። ስለዚህ የፈጪዋን ሴት ስም ስትፈልጉ፣ "ፈጪ" ተብሎ ስለማይጻፍ፣ "መገበሪያ" የሚል ቃል ያለበትን መሥመር አሳድዱ።

ጽሑፉን ስታዩ ጸሎቱ ውስጥ "ለገብርከ" ካለ ወንድ ነው፣ "ለአመትከ" ካለ ሴት ናት፤ ወደ እመቤታችን ሲሆን "ለገብርኪ"፣ "ለአመትኪ" ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የመጽሐፉ አጻፊ ወይም ባለቤት ስም ነው። ቦታው ከተፋቀና ሌላ ስም በሌላ ቀለም ከተጻፈበት መጽሐፉ እጅ ለውጧል። የመሬትና የስጦታ ማስታወሻዎች ብዙ ጊዜ አማርኛ ናቸው፤ እማኞቹ በተርታ ይጠራሉ፣ መጨረሻቸው ላይ "በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን" የሚለው ውግዘት ይመጣል። ያን ውግዘት ካያችሁ ከበላዩ ያሉትን መሥመሮች በጥንቃቄ አንብቡ፤ ሰዎቹ እዚያ ናቸው። ግዕዝ የማታነቡ ከሆነ ከመሪጌታ ጋር ተቀመጡ፤ እሳቸው ያነብቡላችሁ፣ እናንተ ጻፉ።

ዘመኑን ማስላት

ጽሑፉ ዓመት ላይጽፍ ይችላል። "በዘመነ ማርቆስ" ብሎ ያልፋል፣ ወይም በዘመኑ አለቃ የነበረውን ሰው ይጠቅሳል። ወንጌላዊውን ወደ ዓመት መቀየር ቀላል ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው።

በእኛ ቤት "እማሆይ ያረፉት በክፉ ቀን፣ በዘመነ ማርቆስ ነው" ይባል ነበር። ክፉ ቀን ከብቱ ያለቀበት፣ እህል የጠፋበት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ ያለው ጊዜ ነው። 1880 ስደምር 7380፣ ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፣ ዮሐንስ። 1881 ማቴዎስ። 1882 ስደምር 7382 ሆነ፣ ቀሪው 2። ማርቆስ። በዚያ ክፉ ዘመን ውስጥ ማርቆስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው፤ ስለዚህ የሞተችው በ1882 ነው፣ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በነገሡበት ዓመት። በብራናው ላይ ይህ ዓመት ፲፰፻፹፪ ተብሎ ወይም በዓመተ ዓለም (5500ው ተደምሮበት) ፸፫፻፹፪ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለቱንም ለዓይናችሁ አስለምዱ። ተጓዦች ከጻፉት ጋር ስታስተያዩ ደግሞ የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት አትርሱ።

አዲስ አበባ የምትሄዱበት

ከካህናቱ ዘንድ ያላገኛችሁትን ብራና በፎቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል፤ ከሸዋ አድባራት የተነሳው ብዙ ነው። ቅጂው ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ፣ በኢንተርኔትም በነፃ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የደከሙበት ዝርዝር በመጻሕፍቱ ጠርዝ ላይ ያለውን ማስታወሻ ጭምር ይጠቁማል። የቤተ ክርስቲያኑን ስም በልዩ ልዩ አጻጻፍ ሞክሩ።

ስለ ግቢው አሠራር፣ ስለ ማድ ቤት፣ ስለ መሬት ስሞችና ስለ ግብር ለመረዳት በ1942 ዓ.ም. የታተመው የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል "ዝክረ ነገር" የግድ ነው። የአያታችሁን ስም እዚያ አታገኙም። ግን የርስት ወረቀታችሁ ላይ "የማድ ቤት መሬት" የሚል ቃል ቢያጋጥማችሁ ግብሩ ወደ ንጉሡ ወጥ ቤት ይሄድ የነበረ መሬት መሆኑን ያስረዳችኋል፤ ዘራችሁ ከግቢው ጋር በምን እንደተገናኘ የምታውቁት በዚህ ነው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ሁለቱም ይጠቅማሉ። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ወደ አንኮበር የመጡት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጀርመን ሰዎች የጻፉትንም እዚያ ጠይቁ፤ የቦታ ስሞቻችንን በጆሯቸው እንደሰሙት ስለጻፉ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ያን ጊዜ የትኛው መንደር እንደሆነ ይገባችኋል።

ልኬትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፣ ላዳንም እንዲሁ። ወደ ኪሎ ከመቀየራችሁ በፊት የትኛው ገበያ ቁና እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልታወቀ በቁናው ተዉት።

ያገኘሁት

አራተኛው ጉዞዬ የጥር ወር ነበር። መሪጌታው ተአምረ ማርያሙን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው በመስኮቱ ብርሃን ገጽ በገጽ ገለጡልኝ። መጨረሻው አጠገብ፣ ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ በደከመ ቀለም፣ አምስት ሴቶች ተርታቸውን ተጽፈዋል። በላያቸው "መገበሪያ" የሚል ቃል አለ፤ በስተግርጌ "በዘመነ ማርቆስ"። ሦስተኛዋ ወለተ ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ፊደል የሰም ጠብታ ሸፍኖታል። ፊተኛው "ሚ" ይሁን "ማ" መሪጌታውም እኔም አልለየነውም። አጎቴ የነገሩኝ የክርስትና ስም በ"ሚ" ይጀምራል።

ሰሙን በጥፍር ለማንሳት እጄን ስዘረጋ መሪጌታው ያዙኝ፤ ልክ ናቸው፣ ብራናው አብሮ ይላጣል። ገጹን ከጎን በኩል በባትሪ መብራት እያበራሁ በሦስት አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁት፤ የቀለሙ ጉድጓድ እንዲህ ሲበራ ጥላ ስለሚጥል ይለያል ብለውኛል። ፎቶዎቹን በትልቁ አሳትሜ ከፋሲካ በኋላ ይዤ እመለሳለሁ። የቀሩት አራት ሴቶች ስማቸው ሙሉ ነው። እነሱን ጽፌ ለአካባቢው ሰዎች አስነብቤያለሁ፤ ሁለቱን "የእኛ ናቸው" ያሉ ቤተሰቦች መጥተዋል።